ወንዙ አፍ ያወጣ ዕለት

አቃቂ በሰቃ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለጉተማ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። እኔም እናትህም ደህና ነን። ስልክ ስለማታነሳ ይህን በወንድምህ በቀጀላ እጅ ልኬልሃለሁ።

ድልድዩ ተሠራ! ልጃችንን ማርቲን ጎርፍ በወሰደብን መሻገሪያ ላይ ድልድይ ቆመ። ትናንት ተማሪዎቹ እየዘለሉ ተሻገሩበት።

አንተ ወደ መተሐራ ከሄድክ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። መምህር ፀሐዩ አንድ ቀን ስለ ሰውኛ ዘይቤ አስተማሩን፤ ለግዑዝ ነገር የሰው አንደበት መስጠት፣ የሌለውንም እንዳለ አድርጎ ማናገር ማለት ነው። «ይሄማ ለቅሶ ላይ የምናደርገው ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ታውቂበታለሽ» አሉኝ።

በጥር ወረዳው ስብሰባ ጠራን። ኃላፊው እንደለመደው «በጀት የለም፣ ታገሱ» ሲል እጄን አነሳሁ። ሰው ፊት መናገር እንደምፈራ ታውቃለህ፤ ግን ተነስቼ ቆምኩ።

«እኔ የአቃቂ ወንዝ ነኝ» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ። «በበጋ ልጆቻችሁ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ ይሻገሩኛል። ክረምት ሲገባ ግን ራሴንም መግታት አልችልም። በላዬ መንገድ ሥሩላቸው እያልኩ በየዓመቱ እጮሃለሁ። እናንተ ነገ ትላላችሁ። እኔ ነገን አልጠብቅም።»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ያላሰብኩት መጣብኝ።

«እኔ ማርቲ ነኝ» አልኩ። «ጫማዬ እንዳይርስብኝ በእጄ ይዤው ነበር። እማዬ፣ አታልቅሺ። ጓደኞቼን ግን አሻግሩልኝ።»

ጉተማ፣ እትዬ አደሴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። ኃላፊው «ክረምት ሳይገባ ይሠራል» አለ። ሰዉ «ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ!» ብሎ ጮኸ። ተያዘ። እኛም ዝም አላልንም፤ እየተመላለስን ነዘነዝናቸው፤ ሥራው ሲጀመር ወንዱ ድንጋይ ተሸከመ፣ እኛ አሸዋ አቀበልን።

ሲመረቅ ሪባኑን ቁረጪ ብለው መቀሱን ለእኔ ሰጡኝ። እልልታው ሳሪስ አቦ ድረስ የተሰማ ነው የመሰለኝ! ሰፈርተኛው «ማርቲ ድልድይ» ብሎታል። ባጃጆቹ ከጠዋት ጀምሮ «ማርቲ! ማርቲ!» እያሉ ይጣራሉ። መጀመሪያ ሲጣሩ ደንግጬ ዞርኩ፤ አሁን ደጅ ወጥቼ እሰማቸዋለሁ።

በዚያ መሻገሪያ ማለፍ አቅቶህ እንደሄድክ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩህም። ቤታችን አሁን ቅርብ ሆኗል። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ለባጃጁ ስሟን ብቻ ቢነግረው በር ላይ ያደርሰዋል።

አቦ ከክፉ ይሰውሩህ፤ እግርህንም ያቅኑልህ።

የማርቲ እናት፣
ዳሲቱ