አቡ ኤልያስ ማንን ይከተላል

ለወንድምዓለሜ፣

በስፖርት ተመርቃ የሰው ወለል የምትወለውለው እህቴ ምን ነክቷት ነው ድምጿ የጠፋው ሳትል አልቀረህም። ለጤናህ እንደምን አለህ? ዝናብ ሲሆን ጉልበትህ አሁንም ያምሃል? እናታችንስ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ጽሑፌ ቢበላሽብህ ስለቸኮልኩ ነው።

ማዳሜ ኩሽና ውስጥ ቆልፋብኛለች። ከመክተቡ፣ ከአስቀጣሪው ቢሮ ማለቴ ነው፣ ሰውዬው እየመጣ ነው። እሱ እስኪደርስ ልንገርህ።

አብራኝ የምትሠራውን የሺን ጽፌልህ ነበር። ማዳም ሁለታችንን አንድ ላይ አታወጣም፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ መያዣ ናት። ውሻውን ራውሼ፣ ባሕሩ ዳር የማንሸራሽረው እኔ ነኝ። የሺ ቆሻሻ ትደፋለች፤ እሱ በማዳም ቤት መውጣት አይባልም። ታች በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛው አቡ ኤልያስ አለ፤ ሁለታችንንም የሚጠብቀው እሱ ብቻውን ነው።

የማዳም ልጅ ናጂ አሜሪካ ተምሮ የመጣ ነው። ጓደኞቹ የኮሌጃቸውን ጨዋታ በቪዲዮ ካሴት ይልኩለታል፤ ያንን በእጅ ይዘው የሚሮጡትን ኳስ። እሱ ሲያይ እኔ ሸሚዙን እየተኮስኩ በስርቆት አያለሁ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅሁት፤ ኳርተርባክ የምትሉት፣ ኳሷን የሚያከፋፍለው ልጅ፣ ለምን አንዴ ራሱ ይሮጣል፣ አንዴ ከጎኑ ላለው ሯጭ ይሰጣል? ያኒ፣ እንግዲህ አሠልጣኝ ልትሆኚብኝ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ግን ደስ ብሎት ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ አሳየኝ። አከፋፋዩ ሁልጊዜ ራሱ ከሮጠ ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ፤ የእነሱ ጎበዝ እንዲያ ሲሮጥ ትከሻው ወለቀ፣ ኸላስ፣ ቡድኑም አለቀለት። ሁልጊዜ ከሰጠ ደግሞ ሯጩ ላይ ይከመራሉ። ስለዚህ ያመዛዝናል። ኳሷን ሯጩ ሆድ ላይ አስጠግቶ አንድ ተከላካይ ብቻ ያያል። ተከላካዩ ወደ ሯጩ ከሄደ አከፋፋዩ ይዞ ይሮጣል፤ ወደ እሱ ከመጣ ለሯጩ ይለቅለታል። አንተ በረኛ ነህና ይገባሃል።

ከዚያ በኋላ የሺ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት ጀመር። ናጂ ኩሽና መግባት ተወ፤ ካሴትም አያይም። ማዳም በስልክ ልመልሳት ነው ስትል ሰማሁ። ወደ መክተቡ የተመለሱት ምን እንደሚደርስባቸው ታች ፎቅ የምትሠራው ጦይባ ነግራኛለች፤ አልጽፍልህም።

ዛሬ ሁለታችንም ወረድን፤ እኔ ከውሻው ጋር በፊት በር፣ የሺ ከቆሻሻው ጋር በኋላ ደረጃ። እንደ ጨዋታው ተማክረናል፤ አቡ ኤልያስ የተከተላት ትቀራለች፤ ሌላዋ በሰርቪስ ታክሲ ሐዝሚዬ ትሄዳለች፣ ቆንስላችን በር ላይ ወደሚሰበሰቡት የአገራችን ልጆች። የሺ ፈርታ እንኳ ትቀልዳለች፤ ይሄን ከረጢት ይዤ ስንከባለል ከቆሻሻው ማን ይለየኛል አለችኝ። እኔም መውጣት እፈልግ ነበር፣ ወንድሜ። ዲፕሎማዬን ቀሚሴ ውስጥ ሰፍቼ ነው የወረድኩት።

አቡ ኤልያስ እኔን አየ፤ ቀጥሎ የሺን አየ። ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ። መንገዱ ለእኔ ክፍት ነበር፤ ሰርቪሱም ቆሟል። በጨዋታው ደንብ ተራው የእኔ ነው።

የውሻውን ገመድ ለቀቅሁና፣ አቡ ኤልያስ፣ ሄድኩልህ፣ ብዬ በአረብኛ ተጣራሁ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ። ሲጋራውን ጥሎ ተከተለኝ። የብረት አጥሩ ጋ ሻሼን ሲይዘኝ ዞሬ አየሁ፤ ሰርቪሱ የለም፣ የሺም የለችም።

ሲያመጡኝ ናጂ ሳሎን ቆሞ ነበር። መሬት መሬት ያያል።

ኩሽናው በረንዳ አለው፤ ማዳም ከመንገድ ሻጩ ቲማቲም የምትስብበት ቅርጫትም ከነገመዱ እዚያ ነው። ይህን ደብዳቤ በእሱ ለጦይባ አወርድላታለሁ። ለየሺ የእናታችንን አድራሻ ሰጥቻታለሁ፤ አገር ከገባች ለሁለት የሚበቃ ቦታ አሰናዱላት፣ ምንም አትጠይቋት። አቡ ኤልያስ መጀመሪያ ወደ እሷ እንደዞረም አትንገራት፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና አላየችም።

አሳንሰሩ ይሰማኛል። አንድ ነገር ናጂን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ኳሷን ሰጥቶ ባዶ እጁን የቀረው ልጅ፣ ሲከመሩበት ምን ያደርጋል? አንተ ከአጥቂ እግር ሥር ስንቴ ወድቀህ ተነሥተሃል። በጦይባ ስም ጻፍልኝ፣ ቶሎ።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እናታችንን ያቆይልን።

ታናሽ እህትህ