ባሕር ዳርቻ ላስቀረሁሽ ለብርቄ

የልጆቼ እናት ብርቄ ሆይ፤ ከተለየሽን ዘጠኝ ወር አለፈ። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ከእኛ የባሰ ልትሆኚ አትችይምና። ቢቸና እንደምታውቂያት ናት፤ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉን ነገ ይዘጋል። እኔም ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን፣ ከከተማ መውጣት ላቃታቸው ልጆች፣ የዓለምን ውቅያኖሶች አስተምራለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ክስ ለማሰማት ነው። ተከሳሹም እኔው ነኝ፤ ወንጀሉ የሟች ስም ማጥፋት።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ስታርፊ ልጆቹ እዚህ እህቴ የሺ ጋ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ለእናትሽ ሽማግሌዎች ሞጣ ድረስ ሄደው፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩተው፣ ቁጭ አድርገው እንደ ወጉ አረዷቸው። ከአባትሽ ጎን አሳርፈንሽ ስንመለስ ደግሞ ቤተ ዘመድ ስለ ልጆቹ ጉባኤ ተቀመጠ። «ለአራት ዓመት ልጅ መርዶ? እግዜር ያሳያችሁ!» አለች የሺ። ሲያድጉ እንዲነገራቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እስኪያድጉ የት ናት እንበል የሚለው ጥቃቅን ጉዳይ ግን ለእኔ ተተወ። እኔም ልጆቹ ፊት ስደርስ አፌ ላይ የመጣልኝ፣ «ኬንያ፣ አጎታችሁ ጋ ናት። በዚያች ቤት መኪና ባሕር ዳርቻ ተቀምጣለች» የሚል ሆነ።

ለምን እሱ እንደመጣልኝ ገምቺ። አራታችን ሳንታመም አብረን የሳቅነው መጨረሻ እዚያ ነዋ። ወንድምሽ ሞምባሳ ባለው ጋራዡ፣ ያን አሮጌ ሚኒባስ ወንበሩን ነቅሎ አልጋና ምድጃ ገጥሞለት «ቤታችሁ ነው፤ እስከ ማሊንዲ ንዱት» ብሎ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ በግራ በኩል መንዳት ምን አላት ብዬ ተኮፈስኩ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ መሪ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የነዳሽው ግን አንቺ በጩኸትሽ ነሽ። ጦጣው በመስኮት ገብቶ ድርቆሽሽን ዘርፎ ኮኮናት ዛፍ ላይ የወጣ ጊዜስ? ቀመሰው፤ አሰበበት፤ መልሶ ወረወረልን። ስለ ሙያሽ እንዲያ ያለ አስተያየት ሲሰጥ ያየሁት ያን ጦጣ ብቻ ነው። ትልቋ ልጃችን ማኅሌት ስቃ ስቃ ከአልጋው ወደቀች።

አንቺ ግን አሸዋው ከአንሶላው፣ ጨዉ ከፀጉርሽ አልወጣ ሲልሽ አማረርሽ። «ሰው ከሞጣ ብርድ ወጥቶ ለመቀቀል ይህን ሁሉ አገር ያቋርጣል? ባሕር ሁለተኛ ካየሁ ብርቄ አትበሉኝ!» ብለሽ ማልሽ። ልጆቹ ሰምተዋል። አንድ ማለዳ ስነቃ ግን አልጋሽ ባዶ ነበር። ብወጣ ቀሚስሽን በአንድ እጅ፣ ትንሹን ናሆምን በሌላው ይዘሽ እስከ ጉልበትሽ ውኃ ውስጥ ቆመሻል። ማዕበሉ ሲመጣ ሁለታችሁም ጮኻችሁ ትሸሻላችሁ፤ ሲሄድ ተከትላችሁ ትሮጣላችሁ። ስታዪኝ ኮስተር አልሽና «ልጁን እያጠብኩት ነው» አልሽኝ። እሺ፣ አጠብሽው።

ውሸቴን ማኖር ሥራ ነበር፤ እንዲህ ተግቼ ምንም ሠርቼ አላውቅም። ጥቁሩን ጃኬት ጠዋት ከአጥር ውጭ እለብሳለሁ፤ ማታ ከአጥር ውጭ አወልቃለሁ። የሺ ቤት የሞላውን ለቅሶ ደራሽ ልጆቹ አይተው «ምንድን ነው?» ቢሉኝ፣ የማዳበሪያ ስብሰባ ነው አልኳቸው። በማዳበሪያ የሚያለቅስ ሰው አይተው ስለሚያውቁ አመኑ። እኛ ጋ ለምን አትደውልም ሲሉኝ ኔትወርክ የለም እላለሁ፤ የለማ! የአገሩ ችግር ሁሉ ለእኔ ሲመሰክር ከረመ። ኔትወርኩ የተመለሰ ቀን ሰፈሩ እልል ሲል እኔ ብቻ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ናሆም ስልኩን ይዞ መጣ። «ደውልላት» አለኝ። ስልኳ ባሕር ውስጥ ወድቋል አልኩት። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ «አባዬ፣ እማዬ ባሕሩን ትጠላው የለ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እሱን እየጠላችው እዚያ ከቀረች፣ እኛን ከእሱ ይበልጥ ትጠላናለች ማለት ነው።»

ማኅሌት ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። እሷ መጠርጠር ከጀመረች ቆይታለች መሰለኝ፤ አትጠይቅም ነበር እንጂ።

ብርቄ፣ ሞት ከልጆችሽ ወሰደሽ እንጂ አላጣላሽም። ያጣላሁሽ እኔ ነኝ። ልጆቼ እንዳያዝኑ ብዬ፣ በሕይወት እያለች የማትፈልጋቸው እናት ሠራሁላቸው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ሳልጠራ፣ ጥቁሩን ጃኬት እቤት ውስጥ ለብሼ ቀሰቀስኳቸው። ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ማኅሌት ብርድ ልብሱን ተከናንባ እንደ ትልቅ ሴት አነባች። ናሆም ግን «ታዲያ አልተወችንም?» አለኝ። አልተወቻችሁም አልኩት። ደግሜ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

ሲበቃው ፊቱን ታጠበና «ለእትዬ የሺ ተነግሯታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ያውቃል ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ጫማውን አጠለቀ። የሺ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አላት። ተቀመጠች። «እማዬ ሞታለች። አልተወችንም።» ያቺ በጉባኤው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸችው እህቴ መሬት ተዘርግታ፣ ዛሬ እንደሰማች አድርጋ ደረቷን መታች። ከእሷ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ባለሱቁ፣ ከባለሱቁ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደ። ያ ሁሉ የማዳበሪያ ተሰብሳቢ በአምስት ዓመት ልጅ ትእዛዝ ቁጭ እያለ ተረዳ። እናውቅ ነበር ለማለት የደፈረ አልነበረም። እኔና ማኅሌት ከኋላው ተከተልን። እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ በሙሉ ስምሽን እየጠራ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በጩኸት፣ ሁለተኛ አለቀሰሽ።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስምሽ ድምፁ አይቀነስም። ልጆችሽ ሲስቁብሽም ሲያለቅሱልሽም እሰማለሁ፤ የረሱትን እኔ እሞላላቸዋለሁ፤ ሳልጨምር።

ሐሙስ ሞጣ እንወርዳለን፤ መቃብርሽን አሳያቸዋለሁ። ናሆም ግን አስቀድሞ አያቱን ማርዳት አለበት። ድንገት ደርሶ እንዳያስደነግጣቸው ብዬ ለእናትሽ ደወልኩላቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። ከዚያ «ይምጣ ልጄ» አሉኝ፤ «እንዳልሰማሁ ሆኜ እቀመጥለታለሁ።»