ወንዙ ዳር ያለችው ጥቁር ነጥብ

ጃንዋሪ 9
ወንዙ በረዶ ሆኖ እንደ ጠጠረ ነው። ልብስ ማጠብ የለም። ካልሲ ስጠግን ዋልኩ። ከፓሪስ የመጣው ሠዓሊ፣ ሙሴ ጌዴዮን፣ ዛሬም በረዶው ላይ ቆሞ የሴንን ወንዝ በዘይት ቀለም ይሥላል። አፍንጫው ቲማቲም መስሏል። ጎረቤቴ ኦርታንስ ሾርባ ወሰደችለት። እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። ታዙር። ከሦስት ዓመት በፊት ዶሮዋ ጎመኔን ከፈጀች ወዲህ አንነጋገርም።

ጃንዋሪ 11
ሥዕሉን አየሁት። በረዶው ሰማያዊ ነው፤ ከፊሉ እንዲያውም ሮዝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማረ ሰው ነው። ዳር ላይ ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ...

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እርስዎና ጎረቤትዎ ናችሁ፣ ማዳም ፊሎሜን። ተቃቅፋችሁ ስታወሩ።»

ተቃቅፈን?

«ከሩቅ እንደዚያ ነው የታያችሁኝ» አለ።

«አፍንጫዬስ?»

«ራቅ ብለው ይዩት።»

ራቅሁ። አሁንም ተቃቅፈናል።

ጃንዋሪ 12
ይህ ሥዕል ፓሪስ ለሕዝብ ሊሰቀል ነው። ያየ ሁሉ ታርቀዋል ሊል ነው... ለኦርታንስ ልንገራት? ምን ብዬ?

ጃንዋሪ 13
ነገርኳት። በሩን ገርበብ አድርጋ «ምን ፈለግሽ?» አለች።

«ሠዓሊው አንድ ነጥብ አድርጎናል።»

«ማንና ማንን?»

«አንቺንና እኔን።»

ሻርፗን አነሳች። «ነይ፣ እናሳየዋለን።»

ወንዙ ዳር ደርሰን እሷ «ለየን» ትላለች። እኔ «እኔን ወደ ቀኝ፣ እሷን ከዛፉ ኋላ» እላለሁ። ሙሴ ጌዴዮን ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ የቀለም ቢላዋውን አነሳና ሁለታችንንም ፍቆ ጣለን። በቦታችን ቁራ ሣለ። ቁራው ምንቃር አለው።

ስንመለስ ኦርታንስ «ለቁራ አፍንጫ ይሠራል፣ ለእኛ ሲሆን ይሰስታል?» አለች። እስከ ቤቴ ድረስ ስናማው መጣን። ደጄ ላይ ስንደርስ... እንጃ፣ ግቢ አልኳት። ገባች። የሽንኩርት ሾርባዬን ቀምሳ «ጨው ያንሰዋል» አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ጃንዋሪ 17
ጠዋት በረዶው ተሰነጠቀ። ድምፁ እንደ መድፍ። ጫማዬን ሳላጠልቅ በኦርታንስ በኩል ግድግዳው ተደበደበ።

«ፊሎሜን፣ ሰማሽ?»

ወጣን። ሙሴ ጌዴዮን ሥዕሉን አቅፎ ዳር ላይ ቆሟል። በርጩማው ግን የበረዶ ቁራጭ ላይ ተኮፍሶ ወደ ሩዋን ከተማ ይጓዛል። ሳቅ ገደለን። እንዳንወድቅ ተያያዝን።

ሠዓሊው ዞሮ አየን። ከኪሱ ብሩሽ አወጣ።

«እንዳትነቃነቁ» አለ።

አልተነቃነቅንም።