ቦራን የሚገራልኝ ሰው

ሰኞ

ቦራ ዛሬ ደግሞ ረገጠ። ሰው አይደለም፣ እግዜር ይመስገን፣ የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለን የልብስ ሳፋ ነው። አንሶላቸው አፈር ላይ ተነጠፈ፣ ትንሿ ልጃቸው እዚያው አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። በቃ ጩኸታቸውን ለቀቁት። «ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ጅብ? ልጄን ሊያስጨርሰኝ ነው!» እኔ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ገመዱ እግሬ ስር ነው፣ ጎንበስ ብዬ ማንሳት ግን ፈራሁ።

ከሰዓት ጋሽ ተክሉ ከቀበሌ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ስሚ ቲጂ፣ ሰፈሩ ተማሯል። ወይ ፈረሱ ከግቢው ይውጣ፣ ወይ ሰርተፊኬት ያለው አሰልጣኝ አምጪና አይቶት ሰው አይጎዳም ብሎ ይፈርም። እስከ ቅዳሜ ታግሻለሁ።»

«ሰርተፊኬት ያለው የፈረስ አሰልጣኝ የት ነው ያለው ጋሼ?»

ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እሱን እንግዲህ ፈልጊ።»

እማዬ ሽጪው ነው የምትለው። የሰበታ ጋሪ ነጂ ቅዳሜ መጥቶ እወስደዋለሁ ብሏታል። እኔ እንዴት አድርጌ ነው የምሸጠው? ወንድሜ ደሬ መስከረም ላይ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ቦራን ጋልቦ ነው የሄደው፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ። በሩ ላይ ወረደና ገመዱን እጄ ላይ ጠቀለለው። «አደራ ቲጂ። ለጥምቀት እመጣለሁ። ቦራ የዋለውን ጻፊና ስመጣ ታነቢልኛለሽ» አለኝ። ለሱ ብዬ ነው እንጂ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ምን ጽሑፍ አለኝ። ደሬ እሁድ እሁድ ስታዲየም አካባቢ ልጆች በክፍያ እያስቀመጠበት ነበር የምንኖረው። ከሄደ ወዲህ ቦራ ማንንም አያስጠጋም። እኔን አንዴ ታፋዬን ብሎኛል፣ እስካሁን ሲበርድ ያመኛል። ደሬም አልደወለ፣ ሰውም አልላከ።

ማክሰኞ

እግሬ አልቋል። መጀመሪያ ለገሃር ሄጄ ወያላዎቹን ጠየቅኳቸው። አንዱ «የፈረስ አሰልጣኝ? ለኳሱ እንኳን አሰልጣኝ ጠፍቶ በየሜዳው እንገረፋለን!» አለ፣ ሁሉም ሳቁብኝ። ከዚያ ባምቢስ ሰፈር። እዚያ ትልልቅ ግቢ አለ፣ ፈረስ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ። አንድ ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማኝና «እኛ ጋ የሚሰለጥነው ውሻ ነው» አለኝ።

«እሺ የውሻውን አሰልጣኝ አገናኘኝ» አልኩት። የምሬን እኮ ነው።

«ፈረስሽ ይናከሳል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለኛ ጥበቃ ይቀጠርልና!» ብሎ በሩን ዘጋው።

ስመለስ እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። የሰበታው ሰውዬ መጥቶ ቦራን ከሩቅ አይቶት «ግድ የለም፣ አሸዋ ሲጎትት ይበርድለታል» አለ አለችኝ። ቦራ አሸዋ ሲጎትት። ደሬ እኮ ቦራ ላይ ዝንብ ሲያርፍ አይወድም ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት እትዬ አስካለ በጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። «ዓይን በልቶት ነው። ደሬ እሁድ እሁድ አደባባይ ሲያወጣው ስንቱ ዓይኑን ጣለበት» አሉ። ተንኮል የላቸውም፣ ልጃቸውን ፈርተው ነው። እማዬም አመነች እኔም አመንኩ። በግራ በኩል ተጠጉትና በስመ አብ ብለው ፊቱ ላይ ቸለሱበት። ወይኔ! በሁለት እግሩ ቆመ፣ ገመዱን በጠሰ፣ የቆርቆሮ በሩን ገፍትሮ ወጣ። እትዬ አስካለ «ለቀቀው! ለቀቀው!» እያሉ እልል ይላሉ። ሰይጣኑ መስሏቸው።

ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ካዛንቺስ ቀረ። ቦራ በታክሲዎቹ መሃል፣ ክላክሱ፣ ስድቡ። «የማነው ፈረስ? ባለቤቱ የታለ?» ይላሉ፣ እኔ ነኝ ማለት ፈራሁ፣ እንደ ማንም መንገደኛ ሆኜ ሮጥኩ።

ስታዲየም ስደርስ የት ቆሞ አገኘሁት? ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሸጠው ሱቅ በር ላይ። ደሬ እሁድ እሁድ የሚቆምባት ቦታ። ላብ በላብ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ሰው ያያል። የሚፈልገው እሱን ነው። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ባለሱቁ ወጥቶ «የደሬ እህት አይደለሽ? ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት። «ይሄማ ቀላል ነው። አንድ ደንበኛ አለችኝ፣ ለልጆች ፈረስ ግልቢያ ታስተምራለች፣ ሜዳሊያ ከኔ ነው የምትወስደው። ሰርተፊኬቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት። ተጠንቀቂ ግን፣ ከፈረስሽ እሷ ትብሳለች፣ ትራገጣለች» ብሎ ሳቀና ከሱቁ ደወለላት። ነገ እመጣለሁ አለች!

ቦራን መያዝ ስለፈራሁ ዝም ብዬ ወደ ቤት መንገድ ጀመርኩ። ዞር ስል የተበጠሰውን ገመድ እየጎተተ ይከተለኛል። እሱም ሌላ ሰው የለው።

ሐሙስ

መጣች። ጂንስ ሱሪ፣ ቡትስ ጫማ፣ አጭር ጸጉር። «እትዬ» ስላት «እትዬ አትበይኝ፣ ገና ባል አላገኘሁም። ሰብለ በይኝ» አለች።

ግቢው በሰው ሞላ። ሰብለ ግን ቦራን አልነካችውም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። እትዬ አስካለ «ይቺ ልታሰለጥን ነው ፀሐይ ልትሞቅ የመጣችው?» አሉ። በኋላ ተነሳች። በግራው ስትጠጋ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። ተመለሰች። በቀኙ ስትጠጋ ጆሮው ቆመ፣ ዝም። እንደገና በግራ፣ እንደገና በቀኝ። ያው።

«ወንድምሽ ግራኝ ነው?»

«አይ፣ በቀኙ ነው የሚበላው።»

«ድንጋይ ሲወረውርስ?»

እንዴ! በግራው ነው። ኳስም በግራው ነው የሚመታው። እማዬ አንገቷን ደፋች። «ልጅ ሆኖ ግራ እጁን እየመታሁ ነው ያስተውኩት» አለች። «ማዕድ ላይ በግራው ሲዘረጋ ሰው ፊት አፍር ነበር። አስተካክዬው ነበር እኮ።»

«ፈረሱ ላይ ሲወጣ አልተስተካከለም እማማ» አለች ሰብለ ቀስ ብላ። ሰው ሁሉ በፈረሱ ግራ ጎን ነው የሚወጣው አለች፣ ደሬ ግን ግራኝ ስለሆነ በቀኝ ነው ያለመደው፣ ልጆቹንም በቀኝ ነው ያወጣቸው። በግራ የሚመጣበት ሁሉ ለቦራ ሌባ ነው። ስንት ጊዜ ሲወጣ አይቼዋለሁ፣ በየት በኩል እንደሆነ ግን አላየሁም። እማዬ ቤት ገባች። ስታለቅስ ይሰማል።

ሰብለን ፈርሚልኝ አልኳት።

«አልፈርምም» አለች! «እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ ማን ነው የሚይዘው? አንቺ። አንቺ ከፈራሽ እሱም ይፈራል፣ የፈራ ፈረስ ደግሞ ይረግጣል። ነገ የማሰለጥነው አንቺን ነው።»

አርብ

ሁለቴ ሸሽቼ ሽንት ቤት ተደበቅኩ። ሁለቴም በሩን አንኳኩታ አወጣችኝ። «በቀኙ ቁሚ። ትከሻው ጋ። እጅሽን አንገቱ ላይ። ተንፍሺ።» እኔ ለካ ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆመው። «ተንፍሺ አልኩሽ፣ ልትሞቺብኝ ነው እንዴ?» ቦራ ጭንቅላቱን ሲያነቃንቅ ጮህኩ፣ እሱም ደነገጠ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

ከሰዓት ላይ በቃ ደከመኝ። ደክሞኝ ነው መሰለኝ ግንባሬን አንገቱ ላይ አስደገፍኩ። ጋማው ስር ደሬ ደሬ ይሸታል። ማለቴ ደሬ ነው ቦራ ቦራ የሚሸተው፣ ጃኬቱ፣ ትራሱ፣ ለካ ይሄ ነው። ስንት ወር ከቤት ጠፍቶብኝ የነበረ ሽታ እዚህ በር ላይ ታስሮ ነበር። ቦራ በረጅሙ ተነፈሰ። ዞሬ ሳይ ሰብለ ሌላ ቦታ የምታይ መስላ ቆማለች።

ግቢውን አዞርኩት። ራሴ፣ ገመዱን ይዤ!

ቅዳሜ

ጋሽ ተክሉ መጡ፣ የሰበታው ሰውዬም አዲስ ገመድ ይዞ መጣ። ጋሽ ተክሉ የሰብለን ሰርተፊኬት ፀሐይ ላይ ይዘው አገላበጡት። በፈረንጅኛ ነው። «ማህተሙ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ደፈር ብለው «እስቲ እኔም ልንካው» ብለው በግራ በኩል ቀጥታ ሄዱበት። የቦራ ጆሮ ተለጠፈ። ሰብለ ሩቅ ናት።

«ጋሼ! በቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ፣ በጋሽ ተክሉ ላይ። ክንዳቸውን ይዤ አዞርኳቸው፣ ቦራን አንገቱ ላይ ያዝኩት፣ ተነፈስኩ። ቆመ። ጋሽ ተክሉ በቀኙ ዳሰስ አደረጉት። «እንዴ፣ በግ ነው እኮ!»

እትዬ አስካለ ልጃቸውን ፈረሱ ላይ ማስቀመጥ እምቢ አሉ። ልጅቷ ግን አለቀሰች እኔም ልውጣ ብላ። በቀኝ በኩል አወጣኋት፣ ግቢውን ዞርን፣ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ማርያም ማርያም እያሉ። ሰብለ ፈረመች። የሰበታው ሰውዬ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። እማዬ ለቦራ ከቤት ካሮት አመጣችለት። በግራ እጇ ነው የሰጠችው። አይቻታለሁ።

እሁድ

ስታዲየም ወጣን። ልጆች በቀኝ እያወጣሁ በቀኝ እያወረድኩ ዋልኩ። ባለሱቁ «አሰልጣኟ!» እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ሲበቃን ወደ ቤት፣ ወደ ካዛንቺስ ላዞረው ስል ቦራ እምቢ አለ። አልሳብኩትም፣ ተከተልኩት። ቁልቁል ወረደ፣ ለገሃር፣ ጣቢያው በር ላይ፣ ደሬ የወረደበት ቦታ ላይ ቆመ። እዚያም ይጠብቀዋል ለካ።

ባቡሩ ገብቶ ነበር። ሰው በማዳበሪያ ዕቃ ተሸክሞ ይወጣል። ቦራ ጆሮውን አቁሞ የሚወጣውን ሁሉ አየ፣ እኔም አየሁ። አንድ ከኋላው ደሬን የመሰለ ነበር። ዞር ሲል አይደለም። አንዷን ነጋዴ ስለ ደሬ ጠየቅኳት፣ «ጅቡቲ? አቤት የኔ እህት፣ እዚያ ያለው የሰው ብዛት» አለች። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ጥምቀት ሊደርስ ነው። ሊመጣም ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል፣ አላውቅም።

ቦራ አልሄድ አለ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ቀኙ ጋ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጋማውን ያዝኩና ወጣሁ። አልረገጠም። አልጮህኩም። ከላይ ሲታይ ለገሃር ሌላ ነው፣ የታክሲዎቹ ጣሪያ፣ የሰዉ አናት፣ መንገዱ እስከ ላይ ድረስ። ደሬ እኔን ከኋላ ስሮጥ ያየኝ ከዚህ ነው። ቀስ ብለን ወደ ቤት ሄድን፣ እኔ ግን እየዞርኩ ከኋላችን የሚሮጥ ሰው ይኖር እንደሆነ አያለሁ።