አባባን አንቱ ያልክበት ቀን

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ ለወረቀት የሚሆን አላገኘሁም።

የሰርግ ጥሪህ ደርሶን መልስ ሳንሰጥ ስለቆየን «ምን ሆናችሁ?» ብለህ ልከሃል። ምን እንደሆንን በስልክ የሚነገር አይደለም። ዓመት ሙሉ ይዤው የቆየሁት ነገር ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

አምና ደውለህ ሰፈራችን ያለው መናፈሻ ውስጥ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ልትሠራ እንደሆነ ስትነግረን አባባ ምንነቱ አልገባውም ነበር። «ጎልፍ የሀብታም አይደል እንዴ?» አለህ። ሳቅህ። ዱላ የለው፣ ኳስ የለው፤ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ ወርውሮ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው አልከው። «ዘጠኝ ቅርጫት ነው ያለው። ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ዳገት የለ፣ ዛፍ አይጋርድህ። ለጀማሪ ነው። አባባ፣ አጭር አድርጌ የነደፍኩት አንተን እያሰብኩ ነው። ሲመረቅ የመጀመሪያውን ዲስክ የምትወረውረው አንተ ነህ።» ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። አላልኩም እንዳትል።

ስትሮኩ ቀኝ ጎኑን ከያዘው ወዲህ አባባ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው መስኮት ዳር ተቀምጦ የሌሎችን መኪና ሲያይ ይውል ነበር። አንተ በደወልክ ማግስት ግን ከምሠራበት ላውንደሪ ስመለስ ግቢ ውስጥ ቆሞ በግራ እጁ የድስት ክዳን ሲወረውር አገኘሁት። የልብስ ቅርጫቴን አጥሩ ሥር አቁሞ እሱ ላይ ነው የሚያነጣጥረው። ክዳኑ አጥሩን አልፎ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን የአበባ ማሰሮ ሰበረ። እሷ ብቅ ብላ «ሾፌሩ፣ ፍሬን እምቢ አለህ እንዴ?» አለችው። ከታመመ ወዲህ አባባ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። በልቤ አመስግኜህ ነበር፤ እሱን አልክድም።

የምረቃው ዕለት የድሮ የሥራ ኮቴን ካልሆነ ሌላ አልለብስም አለ። ክርኑ ሳስቷል፣ ቢሆንም ተኩሼ አለበስኩት። ጺሙን ላጨሁት። ከንፈሩ ወደ አንድ በኩል ስለሚዘነብል ምራቁን የሚጠርግበት መሐረብ በግራ እጁ አስያዝኩት። ክንዴን ተደግፎ ሄድን።

መናፈሻው በሰው ተሞልቷል። አንተ ከእጮኛህና ከአባቷ ከኮንትራክተሩ ጋር መጀመሪያው መወርወሪያ አጠገብ ቆመሃል። አባባ ገና ሲያይህ ክንዴን ለቀቀ። ብቻውን ሊደርስብህ ፈልጎ ነው። እግሩን እየጎተተ፣ ፊቱ በርቶ መጣልህ።

ኮንትራክተሩ ናቸው የጠየቁህ፣ ክፋት አልነበረባቸውም፤ «እኚህ አባት ማናቸው?»

የኮቱን ክርን አየህ። መሐረቡን አየህ። እኔን አየኸኝና ዓይንህን ሰበርክ። «የሰፈሩ አዛውንት ናቸው» አልክ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረህ፣ «አባት፣ ሰው እንዳይገፋዎት፤ እዚያ ጋ ወንበር አለ፣ አረፍ ይበሉ።»

በሕይወትህ አባባን አንቱ ብለኸው አታውቅም። ትከሻው ላይ ተንጠልጥለህ፣ ኪሱን እየበረበርክ፣ «አንተ አባባ» እያልክ ነው ያደግከው። ሰው በአክብሮት ቃል እንዲህ አድርጎ አባቱን ከደጅ እንደሚያስወጣ ያን ቀን ነው ያየሁት።

አባባ ወዲያው ገባው። ስትሮኩ እጁን እንጂ አእምሮውን አልነካውም። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለህ፣ ማንም ሽማግሌ መንገድ ለለቀቀለት ጎረምሳ እንደሚለው። ሄዶ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ። የመጀመሪያውን ዲስክ የወደፊት አማትህ ወረወሩ፤ እፊታቸው ሣሩ ላይ ወደቀ፣ ሰው አጨበጨበ። እኔ ልነሳ ስል አባባ ቀሚሴን ያዘኝ።

«ተይው፣ ሥራ ላይ ነው» አለኝ።

ቤት ገባን። ኮቱን ራሱ አጣጠፈ፤ ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ። ሌሊቱን መተኛቱን እንጃ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።

ከእንግዲህ ዲስክ የሚባል አይነካም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ትንሽ ቀናት ቆይቶ ብቻውን ወደ መናፈሻው ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው። ግራ እጁ ለምዷል። መጀመር የሚፈልግ ሲመጣ እሱ ነው የሚያሳየው፤ «ከክንድሽ አይደለም፣ ከወገብሽ ነው» ሲል ብትሰማው ዕድሜውን ሲጫወት የኖረ ይመስልሃል። በቀደም አንዲት ነርስ «እንዴት ደስ የሚል ሜዳ ነው፣ ማን ይሆን የሠራው?» አለችው። አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«አንድ መሐንዲስ ናቸው ይባላል» አላት።

«ያውቋቸዋል?»

«ኧረ እኔ ከየት አውቃቸዋለሁ» አለና ዲስኩን ወረወረ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ቢቆጣ ይሻልህ ነበር። ሰው የሚቆጣው የእኔ በሚለው ላይ ነው።

ከጥሪው ጋር የላክኸውን ሙሉ ልብስም አይቷል። ውሎዬ ከልብስ ጋር ስለሆነ ጨርቅ አውቃለሁ፤ ውድ ነው። እምቢ አላለም፣ ለካው። እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ፣ ትከሻው ተንጠለጠለ። የላክኸው በጤናው ዘመን ልክ ነው፤ ምን ያህል እንደከሳ ቀርበህ አላየህማ። መስታወቱ ፊት ትንሽ ቆሞ «ጥሩ ልብስ ነው። ለባለቤቱ መልሺለት» አለኝ። ማጥበብ ይቻል ነበር፤ ልብስ ሰፊዋም አምጪው ብላኝ ነበር። አልወሰድኩላትም። ፌስታል ውስጥ ከትተህ የላክኸውን በፌስታሉ ታገኘዋለህ።

እኔ ሰርግህ ላይ እገኛለሁ። እናታችን በሕይወት ብትኖር አትቀርም ነበርና በእሷ ቦታ እመጣለሁ፤ የፊት ወንበር ግን አትያዝልኝ። አባባን እኔ አልለምንልህም። ሰው ቢጠይቅህም ታሟል እንዳትል፣ ደህና ነው። እንዲመጣልህ ከፈለግክ በእግርህ ና፣ ያለ መልእክተኛ፣ ያለ ስጦታ። ጠዋት ከሆነ መናፈሻው ውስጥ ታገኘዋለህ። እንግዲህ ጀማሪዎች ከበውት ይሆናል፤ እንዳትጋፋ፣ ተራህን ጠብቅ።

ደህና ሁን።

እህትህ