የአክስቴ ምንሽር በጉባኤ የተነበበ ዕለት

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ጠመንጃ ስጽፍ ዋልኩ። እኔ! በየሳምንቱ መጽሔት ላይ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ኩርፊያና እርቅ የምለፈልፈው ሴትዮ፣ ዛሬ ወይራ ሥር ተቀምጬ «ክላሽ አንድ፣ ጥይት ሠላሳ» ስል ዋልኩ። ለዕረፍት ነበር እኮ ታች ጋይንት የመጣሁት።

ቀበሌው መሣሪያ ያለውን ሰው ሁሉ እየመዘገበ ነው። የተሰረቀው እንዲታወቅ፣ ሌባና ሽፍታ እጅ ያለው እንዲለይ ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ስንታየሁ ብቻውን፣ ሰልፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር። «እህቴ፣ አንቺ መቼም በጽሑፍ ነው የምትኖሪ፣ እስቲ አግዢኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለወሬ ስል ገደል እገባለሁ። የመንደሩ ጓዳ ሁሉ ራሱ እየመጣ ሲነግረኝ እምቢ ልል ነው?

ቅጹ አምስት ዓምድ አለው። ስም፣ ጎጥ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የጥይት ብዛት፣ መጨረሻ ላይ «ሁኔታና ምልክት»። ይቺን የመጨረሻዋን ወደድኳት። የሰው ጠባይ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አፈሙዙ የተቃጠለ፣ ማንገቻው የሴት መቀነት የሆነ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስቴ ይታይሽ መጡ። የባላቸውን የአያ ፈንቴን አሮጌ ጠመንጃ፣ ምንሽሩን፣ በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። አያ ፈንቴ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፦ «ልጄ፣ ይሄ ከሞተ ቆይቷል» አሉኝ። ጥይቱን የሚያጎርሰው ብረት የለም። ወጥቷል። ቀዳዳው ባዶ ነው።

«እና ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ዝም በይው።»

«አክስቴ፣ መዝገብ እኮ ነው። ካዝና ነው የሚገባ። ማን ያየዋል ብለው ነው?»

ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ከራሴ አፍ ነው የወጣው። እናም ጻፍኩ፦ ምንሽር፣ አንድ። ጥይት፣ የለም። የማይሠራ።

ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳርፈው «እዚህ ላይ ምን አልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ካዝና አልሽ?»

«ካዝና።»

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ከአክስቴ ጋር አርብ ገበያ ከተማ ወረድን። ጨው፣ በርበሬ፣ ለአክስቴ ላስቲክ ጫማ። ቅዱስ ሚካኤል ስለሆነ የሚያርስ የለም፤ አገሩ ሁሉ ገበያ ነው።

ጠላ ቤት አረፍ ስንል ወሬውን ሰማሁ። ጥጋቡ ተመልሷል። ጥጋቡ ማለት ማሳው ከአክስቴ ማሳ ጋር የሚዋሰነው ሰው ነው። ስም ያወጡለት ሰዎች ምን አይተው እንደሆነ እንጃ። ሰው በጩቤ ወግቶ ታስሮ ነበር፤ ሌላ አገር ነው አሉ የወጋው። አሁን «ጠባዩ የታረመ» የሚል ወረቀት ይዞ መጥቷል። ትናንት ከሰዓት እሱም መሣሪያ አስመዝግቧል። የጻፍኩለትም እኔ ነኝ፤ አላወቅሁትም ነበር። ትሑት ነው እኮ! ቆቡን አውልቆ ነው የቀረበኝ።

አክስቴ ወሬውን ሲሰሙ ጠላቸውን አስቀመጡ። በመንገድ ላይ እኔ ስጎተጉታቸው ነው የተናገሩት። አያ ፈንቴ በሕይወት ሳሉ ጥጋቡ አንድ ጊዜ የድንበሩን ድንጋይ ገፍቶ ነበር። አያ ፈንቴ ምንሽሩን አንግተው ሄዱና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አልተሳደቡ፣ አልፎከሩ። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጡ። በማግስቱ ድንጋዩ ቦታው ተመልሶ ተገኘ።

እሳቸው ከሞቱ ወዲህ አክስቴ ክረምት በወጣ ቁጥር ምንሽሩን ያወጣሉ። መንገዱ ዳር ቁርበት አንጥፈው ፀሐይ ያስመቱታል፣ ቅቤ ቀብተው ይወለውሉታል። አላፊው ሁሉ «እትዬ ይታይሽ፣ ዛሬም ብረት ይዘዋል?» ይላል። «የእሱን አደራ ነው» ይላሉ።

ሰባት ዓመት የጠበቃቸው ይሄው ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሁለቱም ልጆቻቸው መተማ ናቸው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከመጡ ሦስት ፋሲካ አልፏል።

እሑድ፣ ግንቦት 14



ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ተባለ። ስንታየሁ መዝገቡን ከነሻንጣው ይዞ መጣ። ምን ሊያደርግበት ነው ስል፣ ከፈተና ማንበብ ጀመረ። ስም በስም፣ መሣሪያ በመሣሪያ። «ተቃውሞ ያለው ይናገር» ይላል ከእያንዳንዱ በኋላ። ደንቡ ነው አሉ፤ በሕዝብ ፊት ሳይነበብ ፈቃድ አይሰጥም።

አክስቴ ከሴቶቹ መሐል ነበሩ። ዓይኔን ፈለጉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የጥጋቡ ተነበበ። «ክላሽ፣ አንድ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ።»

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላ ተነሡ። «ቆይ እስቲ። ሽቦው ስንት ዙር ነው?»

«አልተጻፈም አባባ።»

«እኔ ልንገርህ። አራት ዙር ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የልጄን ቤት ሰብረው የወሰዱት ነው። ያሰርኩት በዚህ እጄ!»

ሰዎች ሄደው ክላሹን አመጡት። አራት ዙር። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ።

ጥጋቡ «ከማላውቀው ሰው ነው የገዛሁት» አለ። ለካ እሱም እንደኔ ማንም አያነበውም ብሎ ነው ያስመዘገበው! መሣሪያውን ተነጠቀ፤ እሱን ግን «ስትፈለግ ትቀርባለህ» ብለው ተዉት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፤ አልዋሽም። ያንን ሽቦ ያየሁት፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአንዲት ደቂቃ ያህል የአገር ባለውለታ የሆንኩ መሰለኝ።

ሁለት ገጽ አለፈና፦ «ወይዘሮ ይታይሽ። ምንሽር፣ አንድ። ጥይት የለም። የማይሠራ።»

ከዚያ አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ምርኩዝ ነው በለው!» አለና ጉባኤው ፈነዳ። «ሰባት ዓመት ምርኩዝ ስንፈራ ኖርን በለኛ!» ይላል ሌላው። በክፋት አይመስለኝም። እንዲሁ ሳቅ ነው፤ ቅድም እልል ያለው ሰው ነው የሚስቀው።

ጥጋቡ ብቻ አልሳቀም። ዞር ብሎ አክስቴን አያቸውና ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

ቁርስ አቀረቡልኝ፣ ውኃ አስታጠቡኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ከሰዓት ራሳቸው ወሬውን ጀመሩት። አያ ፈንቴ አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ሞቅ ብሏቸው ሲተኩሱ የገዛ ወንድማቸውን ትከሻ መትተዋል። ወንድምየው ተርፏል። ሊሞቱ ሲሉ ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ሞገስ ተናዘዙ፤ ያንን የሚያጎርሰውን ብረት አወጡና «ገደል ይጣሉልኝ» ብለው ሰጡ። ቄሱ ጣሉት። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቱ። ሁለቱ ዝም አሉ።

«ሰው ስላላወቀ ነበር እኮ የምኖር» አሉኝ።

የዕርቅ አማካሪ ነኝ ባይ፣ በሳምንት ስንት ደብዳቤ የምመልስ፣ ተነሥቼ ሲኒ አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ስድስት ትልም። ሄጄ ቆጠርኩት። የድንበሩ ድንጋይ ከነበረበት ተነሥቶ ስድስት ትልም ወደ አክስቴ ገብቶ ተቀምጧል፤ ሥሩ ላይ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው። ትናንት ነው ጥጋቡ ያረሰው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ እየዘፈነ አሉ።

የአክስቴ እኩል አራሽ፣ ማሳቸውን አርሶ ምርቱን የሚካፈላቸው ሰው፣ ጠዋት መጥቶ «እትዬ፣ በሬዬ አሞታል፣ ዘንድሮ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። በሬውን ከማሳው ስመለስ አየሁት። ሣሩን ይግጣል፣ ጤነኛ፣ ወይፈን ሊወጋ የሚቅበጠበጥ።

ቀበሌ ሄድኩ። ስንታየሁ ላይ ጮህኩበት፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ይመስለኛል አብዝቼ የጮህኩት።

«ስሙን አንብብ፣ እሺ። ሁኔታውን ለምን ታነባለህ? የሰው ገመና አይደለም?»

«እህቴ፣ የጥጋቡን ክላሽ በምን ያዝነው? በዚያው በሁኔታው ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ ሽቦው ነው ያጋለጠው።»

«አክስቴስ?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «አስቤዋለሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ባላነበው ሌባው ፈቃድ ይዞ ይወጣል። ሳነበው ማን ቤት ምን እንዳለ፣ ማን ቤት ምን እንደሌለ ለሌባው ነገርኩት። የተሻለ መንገድ ካወቅሽ ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ።»

«ቢያንስ የብቸኛ ሴቶችን ለይተህ ዝለል» አልኩ።

«የዘለልኩት ሰው መሣሪያው እንደማይሠራ በዚያው ይታወቃል» አለኝ።

ድንበሩስ? አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፣ መሬት ለኪ ይመጣል፣ ከመኸር በኋላ። ማን እንደሚመሰክርላቸው ጠየቀኝ። ባለ ጤነኛ በሬውን አሰብኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18

ጥጋቡ በደጃችን አለፈ። መሣሪያ አንግቷል። ሌላ ክላሽ፣ አዲስ የመሰለ። ከየት? በአራት ቀን? አልተመዘገበ፣ አልተነበበ፣ ተቃውሞ አልተጠየቀበት። ቆም ብሎ «እንዴት ዋላችሁ» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልነው። ምን እንበል?

ሮጬ ቀበሌ። ጥቆማ ለመስጠት ቅጽ አለ፤ ስንታየሁ ሰጠኝ። የጠቋሚ ስም፣ የጠቋሚ አድራሻ፣ ሁለት ምስክር።

«ይሄም ይነበባል?» አልኩት።

ዓይኑን ሰበረ። «እኔ አላነበውም። ግን ፖሊስ ሲመጣ ማን ጠቆመ ማለቱ አይቀርም። አድራሻሽ ደግሞ እትዬ ይታይሽ ቤት ነው።»

አክስቴ ቅጹን በእጄ ሲያዩ ልብሳቸው በእሳት የተያዘ ያህል ዘለሉ። «በልጆቼ ይዤሻለሁ! የኔን ቤት ሁለተኛ ወረቀት ላይ እንዳታሰፍሪ!»

አጠፍኩት። ያን ያህል ትንሽ ሆኜ አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

አለቀ። እንዴት እንዳለቀ ልጻፍ።

ረፋድ ላይ አክስቴ ቤቱን አስጠረጉኝ፣ ጠላ አስቀዱኝ። እንግዳ አለ አሉኝ፤ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ቄስ ሞገስ መጡ፣ መስቀል አሳለሙን። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሉ። ስንታየሁም መጣ፤ እንደ ቀበሌ አይደለም፣ ለምስክርነት ነው። መጨረሻ ላይ ጥጋቡ፣ ከነክላሹ።

እዚህ አገር እንግዳ መሣሪያ ይዞ ሲገባ ባለቤት በሁለት እጅ ተቀብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅልለታል። ክብር ነው። እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ተቀበይው እንጂ!» አሉኝ አክስቴ።

ጥጋቡ ማንገቻውን ከትከሻው አወረደ። «ቀስ በይ እህቴ፣ ጎርሷል» አለኝ፣ በፈገግታ።

ተቀበልኩ። ከባድ ነው፤ ብረቱ ከገላው ሞቆ ነበር። ስንታየሁ ጠላው ውስጥ የገባ ነገር እንዳለ ሁሉ ዋንጫውን አጎንብሶ ይመረምራል። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ ጀመሩ። ሰቀልኩት።

ውሉ አጭር ነው። ጥጋቡ የአክስቴን ማሳ በእኩል ያርሳል። በሬና ዘር ከእሱ፣ መሬት ከእሳቸው፣ ምርቱ ለሁለት። «የደከመች ጎረቤቱን ሊረዳ ተነሥቷል» ብለው ቄሱ መረቁ፤ ዓይናቸው ግን መስቀላቸው ላይ ነበር። ጥጋቡ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። አክስቴም አተሙ። «እናቴ» አላቸው፣ ጉልበታቸውን ስሞ። «ልጄ» አሉት።

ሲወጣ መሣሪያውን አውርጄ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ዋንጫውን ስናነሣ ጠየቅኋቸው። «አክስቴ፣ የድንበሩስ ነገር? ስድስቱን ትልም ይመልሳል?»

ሳቁ። ከእሑድ ወዲህ ሲስቁ ገና ማየቴ ነው፤ ደስ ሊለኝ ነበር።

«ምን ድንበር አለ ብለሽ ነው አሁን?» አሉኝ። «ወዲህም ወዲያም የሚያርሰው እሱ ነው እኮ።»

ዋንጫዎቹን አንድ ላይ ደራረቡና፣ «ሂጂ፣ ልብስሽን ሰብስቢ። የጠዋቱ መኪና እንዳያመልጥሽ» አሉ።