ከአሥራ አንደኛው ወር በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ስፌት መኪናው ላይ ስትጎነብሺ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በነጠላ አስረሽው ነው የምትውይው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? አባባን ሳሉ ለቀቀው? አናጢው ባልሽስ፣ ሁለቱ ወንበዴዎችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከሐሳብ በስተቀር የያዘኝ ነገር የለም፤ እሱ ግን ሞልቶ ተርፎኛል።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ደብዳቤ አለ። አጭሩ ለቤቱ ሁሉ የሚነበብ ነው፤ ደህና ነኝ፣ ምግቡ ይበላል፣ ብርዱ ቀንሷል ይላል። እሱን እንደ ልማድሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ይሄኛውን ግን በርሽን ዘግተሽ ለብቻሽ አንብቢው። ይህን ለምን በስልክ እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ። እናንተ ቤት ስልክ ሲጮህ ድምፁ ይለቀቅና ጎረቤት ሳይቀር ተሰብስቦ ይሰማል። ባለፈው ጥርሴን አመመኝ ብልሽ ከጀርባሽ ሦስት ሰው መድኃኒት አዘዘልኝ።

ትምህርቱ እንዴት ነው ብለሽኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና መላ ቅጡ ጠፍቶብኛል። ጤና ኮሌጅ ማለት ነጭ ጋዋን ለብሶ መርፌ መውጋት መስሎኝ ነበር የመጣሁት። አንዱ መምህር የአጥንት ስም ያሸመድደናል፣ ሌላው ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይጠይቀናል። ጠዋት የሚገባው በሽተኛውን ብዙ አታስለፍልፉት፣ ሰውነቱ ራሱ ይናገራል ይለናል። ከሰዓት የምትገባዋ ደግሞ ሰውነቱን ከመንካታችሁ በፊት ሰውየውን አነጋግሩት ትለናለች። ሁለቱንም ጽፌያለሁ፤ ፈተና ላይ የትኛውን እንደምመልስ እንጃ። ደግሞ የተማርነው በሽታ ሁሉ ይይዘኛል። ሰኞ ልቤን፣ ማክሰኞ ኩላሊቴን አሞኝ ይውላል። አብራኝ የምታድረው ልጅ እንዲህ ከቀጠልሽ ሳትመረቂ ትሞቻለሽ ትለኛለች። መለማመጃ ክፍላችን ውስጥ አልጋ ላይ የሚተኛ የፕላስቲክ በሽተኛ አለ፣ አቶ ታጋሽ ብለነዋል። አርባ ተማሪ በመርፌ ሲወጋው ውሎ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እዚህ ግቢ ውስጥ ግራ ያላጋባኝ እሱ ብቻ ነው።

ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሰው ልጅ እድገት የሚባል ትምህርት አለን። የሚያስተምሩን ሽማግሌ ናቸው፤ ተማሪው በሌሉበት ጋሽ መስመር ይላቸዋል፣ ምክንያቱም ለሳቸው ሰው ማለት መስመር ነው። ሕፃን በስንት ወሩ እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚድህ፣ በየወሩ ስንት ኪሎ እንደሚጨምር፣ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ በመስመር ይሥሉታል። የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን የሕፃንነት የክብደት ካርዳችንን ከቤት አስመጥተን፣ በየወሩ የተጻፈውን ኪሎ በነጥብ አስቀምጠን፣ ነጥቦቹን አያይዘን የራሳችንን መስመር እንድናወጣ። ካርድ የሌለው እናቱን ጠይቆ ይጻፍ አሉ። እኔ አባባን ጠየቅሁት። እማዬ ያን ቀን ቤት አልነበረችም። አባባ ካርዱን ከብረት ሳጥኑ አውጥቶ በአውቶቡሱ ሾፌር ላከልኝ። ትምህርት ቤት ስገባ የተመዘገብኩበት ያው ካርድ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ከላይ ግን ስሜ ጥርት ብሎ ይነበባል።

መስመሩን ሳወጣው እስከ ስድስተኛው ወር ሽቅብ ወጣልኝ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። ስምንተኛው ጎን ላይ ተቅማጥ የሚል ተጽፏል፣ መስመሩም ወረደ። በዘጠነኛው ወረደ፣ በአሥረኛውም ወረደ። አሥራ አንደኛው ላይ ኪሎ የለም። ነርሷ አልቀረበችም ብላ ጽፋበታለች፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነው።

ጋሽ መስመር ወረቀቴን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሣሉትና ይህች ልጅ እኛ በተማርነው መሠረት እዚህ ወንበር ላይ መገኘት አልነበረባትም፣ ተነሺ እስቲ አሉኝ። ተነሣሁ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ። እታለም፣ ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ምንም ሳልሠራ የተጨበጨበልኝ ያኔ ነው። እሳቸውም ከአሥር ቀን በኋላ ሰኞ ቆመሽ ከአሥራ አንደኛው ወር በኋላ ምን እንደተደረገልሽ ትነግሪናለሽ፣ እናትሽን ጠይቂ፣ እኔም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ማስተማሪያ አደርገዋለሁ አሉ።

ለዚህ ነው እሑድ የደወልኩት። እማዬን እንዴት አድርገሽ አዳንሽኝ ልላት፣ ላመሰግናት ነበር። እሷ ግን አንቺማ ድንቡሽቡሽ ያልሽ ነበርሽ፣ አንድ ቀን ሆድሽን አሞሽ አያውቅም፣ ሚዛን የሚባል ነገርም አላስነካሁሽም፣ ልጅ ሥጋ ነው እንዴ የሚመዘነው አለችኝ። ከጀርባ ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። እኔም ሳቅሁ። ታዲያ ይሄ ካርድ የማን ነው ስላት ስልኩን ከእጇ ለቀቀችው። ከዚያ ስልኩ ላይ አንቺ መጣሽ። በይ አሁን እናታችንን አታድክሚያት፣ ትምህርትሽን ተማሪ ብለሽ ዘጋሽብኝ። አንቺ ስልክ ዘግተሽብኝ አታውቂም።

ካርዱን ይዤ ቁጭ አልኩና እስከዛሬ አስልቼው የማላውቀውን አሰላሁ። እማዬ ሁልጊዜ ድንቡሼ የተወለደችው ድልድዩ ባለቀ ሳምንት ነው፣ አዋላጇ በሱ ላይ ተሻግራ ነው የደረሰችልኝ ትላለች። ያን ድልድይ ከገነቡት አንዱ አባባ ነው። ዓመቱን ድንጋዩ ላይ በመሮ የቀረጸውም እሱ ነው፤ ልጆች ሆነን ቁጥሩ ውስጥ ጣታችንን እየከተትን እንጫወት ነበር። ካርዱ ላይ ያለው የመጀመሪያ ማኅተም ከዚያ ዓመት በሁለት ዓመት ይቀድማል።

በወረቀት ዕድሜዬ ሁለት ዓመት የጨመረው ትምህርት ቤቱ ትንሽ ናት ብሎ እንዳይመልሰኝ ነው ስትሉኝ አምኜ ኖሬያለሁ። የሰፈራችን ልጅ ግማሹ እንደዚያው ስለሆነ ማን ይጠይቃል? ነገር ግን ዕድሜ የሚጨምር ሰው ቁጥር ይፍቃል እንጂ ያልተወለደ ልጅ አሥር ወር ሙሉ አያስመዝንም። እያንዳንዱ ወር በሌላ እስክሪብቶ፣ በሌላ እጅ ነው የተጻፈው።

ስሜስ? ቤታችን ውስጥ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው የለም፣ ለሁላችሁም ድንቡሼ ነኝ። አንደኛ ክፍል መምህሯ ስሜን ስትጠራ ሌላ ልጅ የጠራች መስሎኝ ዞር ዞር እያልኩ ፈልጌያታለሁ። እስከዛሬ ትስቁብኛላችሁ። እማዬ ግን፣ አሁን ሳስበው፣ ይህ ወሬ ሲነሣ አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

እንግዲህ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። አልተቆጣሁም ልልሽ ነበር፤ ተቆጥቼም እንደሆነ አላውቅም። አልቅሻለሁ፣ ለእሷ ይሁን ለራሴ ግን አልለየሁትም። አንዳንዴ ከኔ በፊት በዚህ ስም የተጠራችው ልጅ ብትኖር ኖሮ እኔን ይወልዱኝ ነበር ወይ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ይሁን አሥራ ዘጠኝ፣ ይህን እንኳ ለሚጠይቀኝ ሰው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። የሰው ልጅ እድገት ተማሪ ነኝ እያልኩ የራሴን መነሻ አጣሁት።

አብራኝ ለምታድረው ነገርኳት። ልጅቷ ብልጥ ናት። ዝም በይ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ በሌላ ሰው ወረቀት ነው የተመዘገበችው ብለው ቢያስወጡሽ ማን ይደርስልሻል አለችኝ። እናቴ ሌት ተቀን ተንከባክባኝ ዳንኩ በይና ተቀመጪ፣ ያጨበጭቡልሻል ትላለች። እውነቷን ነው፣ ቢያስወጡኝ አባባ ከድንጋይ ጋር ሲታገል የኖረበት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ልቤ ሁለት ሆኖ ሁለት ቀን ሰነበትኩ።

ያላስተኛኝ ግን ማስተማሪያ አደርገዋለሁ ያሉት ነገር ነው። ያንን መስመር የተማረች ነርስ ከዓመታት በኋላ የት እንደምትመደብ ማን ያውቃል? ልጇን አዝላ የመጣች እናት ፊቷ ትቀርባለች፣ ሕፃኗ ሦስት ወር በተከታታይ ቀንሳለች። ነርሷም ግድ የለም፣ እንዲህ ወርዳ የተነሣች ልጅ ተምረናል ብላ ወደ ቤት ብትመልሳትስ? እኔ ለአንድ ቀን ጭብጨባ ብዬ ያቺን ልጅ ዳነች ላሰኛት ነው?

እማዬ እኔን ለምን ሚዛን እንዳላስነካችኝም የገባኝ ይመስለኛል። በየወሩ አዝላ እየወሰደቻት፣ በየወሩ ቁጥሩ እየቀነሰ ሲነገራት፣ ልጇን የወሰደባት ሚዛኑ መስሏት ይሆናል። ፈተና ላይ እንዲህ ያለች እናት ብትመጣብኝ ተሳስታለች ብዬ ነው የምመልሰው፤ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ግን ተሳስታለች ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ድንቡሼ እያለች በአፏ ስትመዝነኝ ነው የኖረችው፤ እኔ ደግሞ ይኸው እንደምታውቂኝ ቀጭን ነኝ።

የቤት ሥራው ቅጽ ላይ፣ የተጠናው ሰው ለተማሪው ምኑ ነው የሚል ክፍት ቦታ አለ። መጀመሪያ ራሴ ብዬ ሞልቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት ላጲስ አምጥቼ ራሴ የሚለውን አጠፋሁና እህቴ ብዬ ጻፍኩበት። ሳታረጋግጪልኝ ነው የጻፍኩት። ሰኞ ቆሜ ይህ መስመር የኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው፣ የሚያበቃውም እዚህ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤቱ የሚያመጣውን አብረን እናየዋለን። ጋሽ መስመር ደግ ሰው ይመስሉኛል፣ ግን ሰው በፊቱ አይታወቅም፣ እፈራለሁ።

አንቺ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆንሽ ነው። ቤታችን ውስጥ ልጅ በጀርባው ያላዘለ የለም፣ አንቺ ደግሞ ሁላችንንም አዝለሻል። ስለዚህ አላስታውስም አትበይኝ። ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይዘሽው ኖርሽ እንጂ አልረሳሽውም። ክብደቷን አልጠይቅሽም፣ እሱን አውቀዋለሁ፤ ከናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሌላውን ንገሪኝ። ትስቅ ነበር? ቆማ ነበር ወይ፣ ወይስ ስትድህ ነው የቀረችው? የት ነው የተቀበረችው? አባባ ካርዱን የላከልኝ ሳያስተውል ነው ወይስ እኔ እንዳውቅ ፈልጎ? እማዬን በቀጥታ ብጠይቃት ቁስሏን መቀስቀስ ይሆንብኛል፤ ዝም ብላት ደግሞ ያቺን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር ይመስለኛል። የቱ እንደሚሻል አንቺ እናትም ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ፣ እኔን ግን ጨንቆኛል። ሾፌሩ ቅዳሜ ይመለሳል፤ ሁለት መስመርም ቢሆን ጽፈሽ በእጁ ላኪልኝ።

ለአባባ ሰላም በይልኝ፣ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ይህን እንኳ በደንብ ተምሬዋለሁ። ለአናጢው ባልሽ፣ የሠራልኝ ሳጥን ቁልፉ ጠንክሮብኝ በቡጢ ነው የምከፍተው በይው። ሁለቱን ወንበዴዎች ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሹን በየወሩ እየወሰድሽ አስመዝኚው፣ እማዬ ብትቆጣም አስመዝኚው። እማዬን ምንም ሳትያት እቅፍ አድርጊልኝ፣ ለምን ካለችሽ ድንቡሼ ናት ያዘዘችኝ በያት። ለእህቶቼም ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ስንት እንደሆንን አንቺ ታውቂያለሽ።

ታናሽሽ ድንቡሼ
ከኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ፣ ክፍል አሥራ ሁለት
ረቡዕ፣ የካቲት 14 ቀን